«አዲሱን ስጠኝ» ያልኩባት ቀን

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ ነው የመጣሁት፤ ቡና እስኪፈላ ድረስ ታነቡታላችሁ። ስለ ኮምፒውተር ራም ነው። «የታሪክ መምህር ከራም ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ታገሱኝ፤ ያገናኘኝ ራሱ ታሪክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ልጅ አለችው። እንደምታውቁት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናው በወረቀት ብቻ ሳይሆን በኦንላይንም መሰጠት ጀምሯል። ልጄ ማውስ እንኳ በቅጡ ሳትይዝ ፈተና ፊት አትቀመጥም ብሎ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛላት። ኮምፒውተሩ ደህና ነው፣ ግን ያለው ራም 2 ጊጋ ብቻ ነው። ብሮውዘር ከፍተህ ሁለተኛ ገጽ ስትጨምር ቀጥ ይላል። «መምህር፣ ጎንደር ስትወርድ አንድ ባለ 4 ጊጋ ራም ያዝልኝ» አለኝና ብሩን ቆጥሮ ሰጠኝ። ለመምህር ቀላል ብር አልነበረም።

ከደባርቅ ተነስቼ፣ ዳባትንና አምባ ጊዮርጊስን አልፌ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ ጎንደር ገባሁ። አንድ ሱቅ ገብቼ «ባለ 4 ጊጋ ራም» ስለው ልጁ «ዲዲአር ስንት?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም ለማለት አፈርኩ። መምህር አይደለሁ! «አዲሱን ስጠኝ» አልኩት። ያልኩትን ሰጠኝ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የሻጩ አይደለም።

ማታ ባልደረባዬ ቤት ኮምፒውተሩን ከፈትነው። ራሙ አልገባ አለ። «ትንሽ ጫን በለው» አለኝ። ጫን አልኩት። እምቢ አለ። ልጅቷ ከጎናችን ሆና በስልኳ መብራት እያበራችልን ነበር። «ቲቸር፣ ይቺ ክፍተት እኮ ቦታዋ ሌላ ነው» አለችኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ እውነቷን ነው። ከራሙ ሥር ባሉት ወርቃማ ጥርሶች መካከል አንዲት ትንሽ ክፍተት አለች። ማዘርቦርዱ ላይ ደግሞ ያችን ክፍተት የሚጠብቅ ጉብታ አለ። ሁለቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ተላልፈዋል። መቶ ኪሎ ሜትር ሄጄ በጥቂት ሚሊ ሜትር ሳትኩ ማለት ነው።

እቤቴ ስገባ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያቺን ክፍተት እዚያ ቦታ ላይ ማን አስቀመጣት? ለምን? ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ራም ምን እንደሆነ በአጭሩ እንግባባ። ሃርድ ዲስክ የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው እንበል፤ ራም ደግሞ የምትጽፍበት ጠረጴዛ። መጽሐፉን ከመደርደሪያው አውርደህ ጠረጴዛ ላይ ካልዘረጋኸው አትሠራበትም። ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ አንዱን እያነሳህ አንዱን እየመለስክ ቀኑ ይመሻል። ባለ 2 ጊጋው ኮምፒውተር ሲያደርግ የነበረው ይህንኑ ነው።

ይህ ጠረጴዛ ድሮ በእጅ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የኮምፒውተር ማስታወሻ የሚሠራው እንደ ዶቃ ከሚያክሉ ጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች ነበር። በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ቀጫጭን ሽቦ ይሳካል። አንድ ቀለበት የሚይዘው አንድ ቢት ብቻ ነው፤ «አዎ» ወይም «አይደለም»። ሽቦውን የሚያሰኩት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ፤ በማጉያ መነጽር እያዩ፣ በመርፌ። የእኛ አገር እናቶች መሶብ ሲሰፉ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የዘመኑ ኮምፒውተር ማስታወሻ ስፌት ነበር።

ከዚያ የአይቢኤም መሐንዲስ ሮበርት ዴናርድ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1966 አስቦት በ1968 የፈጠራ መብቱን ያገኘበት ሐሳብ ዛሬ በእያንዳንዳችን ኮምፒውተርና ስልክ ውስጥ አለ። አንዱን ቢት በአንድ ትራንዚስተርና ትንሽ የኤሌክትሪክ ቻርጅ በምትይዝ አንዲት ዕቃ ማስቀመጥ ይቻላል አለ። ችግሩ ያቺ ዕቃ እንደተሸነቆረ ቅል ናት፤ ታፈሳለች። ስለዚህ ሳታልቅ ደጋግሞ መሙላት ያስፈልጋል። ዛሬ ራም በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከ15 ጊዜ በላይ ራሱን እንደገና ይሞላል። መብራት ሲጠፋ ያላስቀመጣችሁት ጽሑፍ የሚጠፋው ለዚህ ነው፤ ቅሉን የሚሞላው ጠፋ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ኢንቴል 1103 የሚባል ቺፕ ለገበያ አቀረበ። የሚይዘው 1,024 ቢት ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቀለበት ስፌቱ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1981 የወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር በትንሹ 16 ኪሎባይት ይዞ ነበር የሚሸጠው። ይህ አሁን የምታነቡት ጽሑፍ ብቻውን እዚያ ውስጥ አይገባም። ምክንያቱም ዛሬ አንድ የአማርኛ ፊደል በተለመደው የኢንተርኔት አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል፤ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ግን 1 ባይት ብቻ።

ያኔ ማስታወሻ መጨመር የፈለገ ሰው ቺፖቹን አንድ በአንድ እየለቀመ በማዘርቦርዱ ላይ ይተክል ነበር። አንዷ እግር ከታጠፈች አለቀ። ቆይቶ ቺፖቹን በአንዲት ቀጭን ሰሌዳ ላይ ደርድሮ ሰሌዳዋን እንዳለች መሰካት ተጀመረ። ዛሬ «ራም» ብለን የምንገዛት ያቺን ሰሌዳ ነው። ሰሌዳ ሲመጣ ግን ሌላ ጥያቄ መጣ። ይህ ፋብሪካ የሠራው በዚያ ፋብሪካ ማዘርቦርድ ላይ እንዲገጥም ማን ይወስናል?

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የማያውቀው ተቋም የሚገባው። ጄዴክ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1958 የተመሠረተ የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች ማኅበር ነው። ተፎካካሪ ኩባንያዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሰሌዳውን ርዝመት፣ የጥርሱን ብዛት፣ የኤሌክትሪኩን መጠን፣ የክፍተቷን ቦታ ይስማማሉ። ከዚያ ወጥተው ይፎካከራሉ። ገበያ ውስጥ ስምንት ዓይነት ስም የለጠፈ ራም አንዱ በሌላው ቦታ የሚገባው በዚህ ስምምነት ነው።

ከስምምነቱ ለመውጣት የተሞከረበት ጊዜም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2001 ገደማ ኢንቴል ራምበስ በሚባል ኩባንያ የተነደፈ የማስታወሻ ዓይነት ይዞ ገፋ። የመጀመሪያዎቹ ፔንቲየም 4 ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በእሱ ነበር። ፈጣን ነው፣ ግን ውድ ነው። በጥንድ ካልሆነ አይገባም፤ ባዶ የቀረውን ቦታ ደግሞ የውሸት ሰሌዳ ገዝተህ መድፈን ነበረብህ። ሕዝቡ ፊቱን አዞረ። ኢንቴልም ብዙ ሳይቆይ ወደ ጋራው መንገድ ተመለሰ። ያሸነፈው ዲዲአር የሚባለው የጄዴክ ስምምነት ነው።

የዲዲአር ትውልዶች እነዚህ ናቸው፤ ቁጥሩን ልብ በሉልኝ። በቅንፍ ሳይሆን በልብ ያዙት።

ዲዲአር አንድ፦ እ.ኤ.አ. 2000፣ 184 ጥርስ፣ 2.5 ቮልት።
ዲዲአር ሁለት፦ 2003፣ 240 ጥርስ፣ 1.8 ቮልት።
ዲዲአር ሦስት፦ 2007፣ 240 ጥርስ፣ 1.5 ቮልት።
ዲዲአር አራት፦ 2014፣ 288 ጥርስ፣ 1.2 ቮልት።
ዲዲአር አምስት፦ 2020፣ 288 ጥርስ፣ 1.1 ቮልት።

ሁለትና ሦስትን ተመልከቱ። የጥርሳቸው ብዛት አንድ ነው። አራትና አምስትም እንዲሁ። የሚፈልጉት የኤሌክትሪክ መጠን ግን ይለያያል። ክፍተቷ ባትኖር ኖሮ እንደኔ ያለው «ጫን በለው» ባይ አስገብቶ መብራት ይለቅበት ነበር። ያቺ ክፍተት የሆነ ፋብሪካ ስህተት ወይም ጌጥ አይደለችም። «ይህ የአንተ ዘመን አይደለም» ብላ በር ላይ የምትመልስ ዘበኛ ናት። ትውልድ በተቀየረ ቁጥር ሆን ብለው ቦታዋን ያንቀሳቅሷታል። እኛ አገር የደባርቅን ገብስ ወስዶ ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ላይ የሚዘራ ገበሬ የለም። ገብሱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ አገሩ አይደለም። የእኔም ራም ጥሩ ራም ነበር፤ ዲዲአር አራት። ዘመኑ አልነበረም እንጂ።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ፤ ምክንያቱም ነገሩ እኛ ጋ ሲደርስ መልኩ ይቀየራል።

ኮምፒውተር መጀመሪያ የተሠራው ለእኛ ፊደል አልነበረም። የድሮው አሠራር ለአንድ ቋንቋ የሚሰጠው 256 ቦታ ነው፤ ግማሹን እንግሊዝኛው አስቀድሞ ይዞታል። የእኛ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። እነ ሏ፣ ሟ፣ ቋ፣ አኃዞቹ፣ ሁለት ነጥብና አራት ነጥቡ ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ የፊደል ፕሮግራም ሠሪዎቻችን ፊደሉን ቆራርጠው በተለያየ ፎንት ላይ እያከፋፈሉ ነበር የሚያስገቡት። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ያየ ሰው ይህን አይረሳም። ያም የመግጠምና ያለመግጠም ታሪክ ነው። መፍትሔውም እንደ ራሙ ሁሉ ስምምነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። ከዚያ በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባል የአማርኛ ፎንት ከውስጡ ይዞ መጣ። (ኒያላ የባሌ ነው። የእኛ ዋልያ መቼ ይሆን ተራው የሚደርሰው?)

ግን ተመልከቱ። ከእሱ በፊት የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ በትንሹ የሚጠይቀው 64 ሜጋባይት ራም ነበር። ቪስታ 512 ጠየቀ። ስምንት እጥፍ ማለት ነው። ፊደላችን ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ የመጣበት ጊዜ፣ አሮጌ ኮምፒውተሮች ራም ጨምሩልኝ ያሉበት ጊዜ ሆነ። ራም የመጨመር ጥያቄ ለእኛ የጌም ተጫዋቾች ጉዳይ ብቻ ሆኖ የማያውቀው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የእኛ መለያ ይህ ነው። በሀብታሞቹ አገሮች አዲስ ትውልድ ሲመጣ መሥሪያ ቤቶች የቀደመውን ያወጡታል። የወጣው የት ይሄዳል? አንዱ እኛ ጋ ይመጣል፤ በዕርዳታም በንግድም። ስለዚህ እነሱ ዘንድ ተራ በተራ ያለፉት ትውልዶች እኛ ጋ በአንድ ላይ ይኖራሉ። አንድ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ግቡና ክፈቱ፤ ዲዲአር ሁለት፣ ሦስትና አራት ጎን ለጎን ተቀምጠው ታገኛላችሁ። ሙዚየም በሉት። ሌላው አገር «አዲሱን ስጠኝ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ሊያመልጥ ይችላል። እኛ አገር ግን ዘመኑን ሳይጠይቅ የገዛ ብሩን ይበላል። ክፍል ውስጥ «ዘመኑን ሳታውቁ ፍርድ አትስጡ» እያልኩ ስጨቀጭቃችሁ የነበረው ትዝ ይላችኋል? ሱቅ ውስጥ ስደርስ ራሴ ረሳሁት።

እሺ፣ ታዲያ እንዴት ይገዛ? የተማርኩትን በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ የኮምፒውተሩን ዘመን ጠይቁ። ሣጥኑን አይታችሁ አትፍረዱ። ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 760 እና 780 መልካቸው መንታ ነው፤ 760 የሚወስደው ዲዲአር ሁለት ነው፣ 780 ዲዲአር ሦስት። ኤችፒ ዲሲ7900 ሁለት፣ ተከታዩ 8000 ኤሊት ሦስት። በጣም ቀላሉ መንገድ ያለውን ራም ነቅሎ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ መሄድ ነው። ነጋዴው አስተያይቶ ይሰጣችኋል። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

ሁለተኛ፣ ራሙ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። «ፒሲ» የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ። ከእነሱ ቀጥላ ያለችው ቁጥር ትውልዱ ናት፤ 2 ካለች ዲዲአር ሁለት፣ 3 ካለች ሦስት። ከዚያ ፍጥነቱ ይመጣል፣ እንደ 12800 ያለ። ከፍጥነቱ ኋላ የተለጠፈችው ፊደል ደግሞ ወሳኝ ናት። «ዩ» የዴስክቶፕ ነው። «ኤስ» የላፕቶፕ ነው፤ ቁመቱ ያጥራል። «አር» የሰርቨር ነው። ይህ የመጨረሻው አታላይ ነው፤ መጠኑም ክፍተቱም ከዴስክቶፑ ጋር ይመሳሰላል፣ ዋጋውም ረከስ ይላል፣ ግን በቤት ኮምፒውተር አይሠራም። ክፍተቷ የማትይዘው ሌባ እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ የማዘርቦርዱን ጣሪያ እወቁ። ባለ ጂ31 ቺፕሴት ማዘርቦርድ ከ4 ጊጋ በላይ አይቀበልም፤ ጂ41 እስከ 8 ነው። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነም ወሰኑ 4 ጊጋ ላይ ነው፤ 2 በ32 ጊዜ ራሱ ሲባዛ 4,294,967,296 ነው፣ ከዚያ በላይ አድራሻ መቁጠር አይችልም። ባልደረባዬ ቤት ያለው ሁለት ስሎት፣ የ4 ጊጋ ጣሪያና አንድ ባለ 2 ጊጋ ራም ነበር። እንግዲህ ትውልዱን ባልስት እንኳ ባለ 4 ጊጋ መግዛቴ ስህተት ነበር። የሚያስፈልገው ሌላ ባለ 2 ጊጋ ነው።

አራተኛ፣ በዲዲአር ሦስት ዘመን መጀመሪያ ለተሠሩ፣ እንደ ጂ41 ላሉ ማዘርቦርዶች ባለ 4 ጊጋ ራም ስትገዙ ጥቁር ቺፖቹን ቁጠሩ። በሁለቱም ጎን 8፣ 8፣ በድምሩ 16 ከሆኑ ጥሩ። 8 ብቻ ከሆኑ እያንዳንዱ ቺፕ ለአሮጌው ማዘርቦርድ ከሚችለው በላይ የታጨቀ ነው፤ ገብቶም አይሠራም። «ለኤኤምዲ ብቻ» የሚባሉ ርካሽ ራሞችም አሉ፤ ኢንቴል ያላችሁ አትንኳቸው።

አምስተኛ፣ ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ራሞች ከገቡ ሁለቱም በቀርፋፋው ይሄዳሉ። ጥንድ በሬ ማለት ነው፤ ፈጣኑ ቀርፋፋውን ጥሎ አይሄድም። ስለዚህ ለፈጣኑ ተጨማሪ ብር አታውጡ።

ስድስተኛ፣ ስትከፍቱ ከመብራት ንቀሉ። ደጋ ነንና በብርዱ ሹራብ እንለብሳለን፤ ሹራብ ሲታሽ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ቺፕ ያቃጥላል። የኮምፒውተሩን ብረት በእጃችሁ ነካ አድርጋችሁ ጀምሩ። የራሙን ወርቃማ ጥርስ በጣት አትንኩ።

ደግሞም ሳትገዙ በፊት እስኪ እውነት ችግሩ ራም መሆኑን እዩ። ዊንዶውስ 10 ላይ ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ሜሞሪ የሚለውን ተመልከቱ። ሥራ ላይ ሆናችሁ ግማሽ እንኳ ካልሞላ ራም ብትጨምሩ ለውጥ የለውም። ምን ያህል ስሎት እንደተያዘም እዚያው ያሳያችኋል።

በሳምንቱ ጎንደር ተመለስኩ። አሁን ግን አሮጌውን ራም በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ይዤ ነው። ልጁ ሳይከፋው ቀየረልኝ። ምርቱ የቆመ አሮጌ ራም አንዳንዴ ከአዲሱ እንደሚወደድም ያኔ ነው ያየሁት፤ ለ2 ጊጋው የተጠየቅኩት ከጠበቅኩት በላይ ነበር። የሁለቱ ጉዞ ትራንስፖርት ከኪሴ ነው፤ ያላፈርኩበት ቢሆን አንድ ጥያቄ ይበቃኝ ነበር።

ማታ ስናስገባው ቀጭ አለና ገባ። እኔ አይደለሁም ያስገባሁት፣ ልጅቷ ናት። ክፍተቷን ከጉብታው ጋር አስተያይታ፣ ሁለቱን ጫፍ በአውራ ጣቶቿ ጫን አደረገች። ኮምፒውተሩ ሲነሳ 4 ጊጋ አለ። አባቷ ምንም አላለም፤ ወንበሩን ስቦ ሰጣት፣ እሷም የሙከራ ፈተናውን ከፍታ ጀመረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ጨምሬያለሁ። ተማሪ «ቲቸር፣ ታሪክ ምን ይጠቅማል?» ሲለኝ የፋሲልን ግንብ አላነሳም። ዲዲአር አራቱ ራም ያመጣብኝን ጣጣ ነው የምነግረው።

ቤታችሁ ያለው ኮምፒውተር ምን ዓይነት እንደሆነ ሞዴሉን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ የማውቀውን እነግራችኋለሁ፣ የማላውቀውን ደግሞ ከናንተ መካከል የሚያውቅ አይጠፋም። ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ኮምፒውተር ሊገዛ ላሰበ ወላጅ ሼር አድርጉለት። ሻጩ «ዲዲአር ስንት?» ብሎ ሲጠይቅ «አላውቅም፣ እስኪ አሳየኝ» ማለት አያሳፍርም። እኔ አፍሬ ያተረፍኩት ሌላ መቶ ኪሎ ሜትር ነው።

ሰላም እደሩ።